እሳት ያልነካው ሻይ

ዕለቱ ቅዳሜ ነበር፤ የዐቢይ ጾም እኩሌታ። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ገደማ ሰመራ ላይ ሰው ከቤቱ አይወጣም። መብራት ሄዶ ቬንትሌተሩ ቆሟል፤ እኔም እርጥብ ሻሽ አንገቴ ላይ ጣል አድርጌ ባዶው ሲሚንቶ ላይ ተቀምጫለሁ። ስልኩ ሲጮህ ባሕር ዳር ያለችው አክስቴ፣ የእናቴ ታናሽ እኅት፣ መሆኗን አይቼ አነሣሁት። አክስቴ ስትደውል ሰላምታ ታበዛለች። የጎረቤቱን ሁሉ ደኅንነት ሳትነግረኝ ወደ ጉዳይዋ አትገባም። ያን ቀን ግን ሰላምታም የለ፣ ምንም የለ።

«ስሚማ! እናትሽ ሻይ ጠጣች። በዓይኔ በብረቱ አየሁ!»

«መጣ?» አልሁ። ከአፌ የወጣው ይኸው አንድ ቃል ብቻ ነው።

መልሷን አልሰማሁትም፤ መሥመሩ ተቋረጠ። መልሼ ብደውል አይገባም። እንደገና ብደውል አይገባም። በእኛ በኩል ይሁን በእነሱ በኩል አላውቅም፣ ኔትወርክ ጠፋ።

ስለዚህ አንድ ሰዓት ሙሉ ወንድሜ ተመልሷል ብዬ ኖርሁ። ተነሥቼ ፊቴን ታጠብሁ። ነጠላዬን መስቀልያ አጣፍቼ ወደ ምሥራቅ ዞሬ ቆምሁ። አርባ አንድ ጊዜ ኪርያላይሶን ልል ጀምሬ ቁጥሩ ጠፋብኝና እንደገና ጀመርሁ፤ እንደገናም ጠፋብኝ። ከስቶ ይሆን? ጢም አብቅሎ ይሆን? ሻዩን አሁንም በአራት ማንኪያ ስኳር ነው የሚጠጣው? ለእሱ ብዬ ገዝቼ ሻንጣ ውስጥ ያቆየሁትን ሸሚዝ አውጥቼ አልጋው ላይ ዘረጋሁት። ትከሻው ይበቃው እንደሆነ በስንዝር ለካሁት፤ የማን ትከሻ እንደምለካ ግን እኔም አላውቅ።

ስልኩ እንደገና ሲጮህ እየሳቅሁ ነው ያነሣሁት።

«ማነው መጣ ያልሽኝ?» አለች አክስቴ።

«ወንድሜ ነዋ!»

በስልኩ ውስጥ የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማኛል፤ አንድ ሰው ብርጭቆ ያጥባል።

«ኧረ የኔ ልጅ፣ ማንም አልመጣ። ያንቺን ቀዝቃዛ ሻይ ነው እኮ የጠጣች። ያን ያስተማርሽኝን።»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ልቤ ምን እንደያዘ ለራሴም ማስረዳት አቅቶኛል። አንዲት እናት አንድ ብርጭቆ ሻይ ብትጠጣ ይህን ያህል ምን ያስጨንቃል የሚል ሰው አይፈረድበትም። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ልናገር።

እናቴ ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር፣ ጀልባዎች ከሚታሰሩበት አጠገብ፣ አንድ ሾላ ሥር ሸራ ወጥራ ሻይ ትሸጣለች። ቤታችን ዓባይ ማዶ ነው። ጠዋት ጠዋት ዘንቢሏን ይዛ በባጃጅ ድልድዩን ተሻግራ ትሄዳለች፣ ቀትር ካለፈ በኋላ ትመለሳለች። ትልቁ በራዷ ከከሰሉ ላይ አይወርድም። ቅርንፉዱንና ቀረፋውን መቼ እንደምትጨምር፣ ቅጠሉን ስንት ጊዜ ተንተክትኮ እንደምታወጣው እጇ ነው የሚያውቀው፤ ብትጠይቋት አትነግራችሁም፣ ስለማትሰጥ ሳይሆን ስለማታውቀው። ድሮ እሷ ራሷ ከሁሉም ደንበኞቿ ይልቅ ሻይ ጠጪ ነበረች። ወንድሜ «የእማ ጣት ቢቆረጥ የሚፈሰው ሻይ ነው» እያለ ይቀልድባት ነበር።

ወንድሜ ከእኔ በሁለት ዓመት ያንሳል። ወደ ጎርጎራና ወደ ደልጊ ዕቃ በሚያመላልስ ጀልባ ላይ ይሠራ ነበር። አንድ ቀን ጎርጎራ ደርሶ ከጀልባው ጋር ሳይመለስ ቀረ። በማግሥቱ ከጎንደር ደወለ፤ ከዚያ ከመተማ ደወለ፤ ከዚያ ከድንበሩ ማዶ። ሥራ አገኘሁ አለ። እሑድ እሑድ ይደውላል፤ የመጀመሪያ ቃሉም ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «እማ፣ ሻዩ ፈላ?» በኋላ በዚያ አገር ጦርነት ተነሣና ስልኩ ዝም አለ። ይኸው ሦስተኛ ዓመት ሆነው። ሞቶ አየሁት ያለን ሰው የለም፤ በሕይወት አየሁት ያለንም ሰው የለም።

ስልኩ ዝም ባለ በሁለተኛው ወር እናቴ ወደ ደብራችን ሄዳ ተሳለች። ያን ሰሞን ዕረፍት ወጥቼ አጠገቧ ቆሜ ነበርና ሰምቻለሁ። ሰው ጥላ ይሳላል፣ ጧፍ ይሳላል፣ የደላው በሬ ይሳላል። እናቴ ግን «ልጄ ደጄን እስኪረግጥ ሻይ በአፌ አይዙር» አለች። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሻይ ማፍላቷን አልተወችም፤ መቅመሱን ተወች እንጂ።

ሳይቀምሱ ሻይ መሸጥ ቀላል አይደለም። ስኳሩ በዛ፣ ቅርንፉዱ አየለ እንዴት ይታወቃል? ለዚህ አንድ ሽማግሌ ባለ ጀልባ ደረሱላት። ገና ሳይነጋጋ ሐይቁ ዳር የሚደርሱት እሳቸው ናቸው። እናቴ የመጀመሪያዋን ብርጭቆ ለእሳቸው ቀድታ «ይቅመሱልኝ እስቲ» ትላቸዋለች። እሳቸውም አፋቸውን አጥበው፣ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው፣ እንደ ዳኛ ቆይተው ፍርድ ይሰጣሉ። «ዛሬ ስኳሯ ትንሽ ዓይን አፋር ናት።» ሰው ይስቃል፣ እናቴ ማንኪያ ስኳር ትጨምራለች። «የእኔን ሹመት የሚያህል በዚህ ከተማ የለም» ይላሉ፤ «ሌላው ሰው ከፍሎ ይጠጣል፣ እኔ እየተለመንሁ!»

አንድ ሌላ ነገር አለ። ጫፏ የተሸረፈች አንዲት ብርጭቆ ነበረች፣ ወንድሜ ሁልጊዜ የሚጠጣባት። ሌላው ሰው ከንፈሩን እንዳይቆርጠው ብሎ ለራሱ ያደረጋት ናት። እናቴ ጠዋት ብርጭቆዎቹን አጥባ ትሪው ላይ ስትደረድር ሁሉንም ቀና ታደርጋቸዋለች፤ ያችን ብቻ ጥግ ላይ ትደፋታለች። ማንም አይቀዳባትም። ለምን ብዬ አልጠየቅኋትም፣ እሷም ነግራኝ አታውቅም። ልብ ብሎ ያየ ሰው ያለም አይመስለኝም።

እኔ በሥራ ምክንያት ወደ ሰመራ ከመጣሁ አምስት ዓመት ሊሆነኝ ነው። በአንድ ጤና ጣቢያ መድኃኒት ክፍል ውስጥ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ የምሠራው መቍጠርና መስፈር ነው። ሰመራ ላይ ትኩስ ሻይ መጠጣት ራስን መቅጣት ነው። ሻይ ሳልጠጣ መዋልም አልሆነልኝም፤ የማን ልጅ ሆኜ! የመጀመሪያውን ዓመት እያላበኝ ጠጣሁ። በኋላ አብራኝ የምትሠራ ልጅ ሻይን ሳያፈሉ ማውጣት እንደሚቻል አሳየችኝ።

አሠራሩ ይኸው ነው። ውኃውን በዋዜማው አፍልቼ አቀዘቅዘዋለሁ፤ እኔ ሳላፈላ ውኃ የማልጠጣ ሰው ነኝ፣ የታይፎይድ መድኃኒት ስሰጥ ስለምውል። ጠዋት ጸሎቴን ሳደርስ ያንን ቀዝቃዛ ውኃ የማር መያዣ በነበረ አፈ ሰፊ ብልቃጥ ውስጥ እገለብጣለሁ። ለአንድ ሊትር አራት የሻይ ማንኪያ ቅጠል፣ ከምሬ ሳይሆን ልኩን። አንድ ፍሬ ቅርንፉድ፤ ሁለት ከሆነ የጥርስ መድኃኒት ይሆናል። ትንሽ ስባሪ ቀረፋ። ከድኜ መብራት ካለ ፍሪጅ ውስጥ፣ መብራት ከሌለ ብልቃጡን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ ውኃ ባለበት ሳሕን ላይ አቁሜ ነፋስ የሚገባበት መስኮት ሥር አኖረዋለሁ። ከዚያ መርሳት ነው።

እኔ ግን አልረሳውም፤ ሥራ ካልገባሁ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ። ቅጠሉ ውኃው ላይ ሲበተን መጀመሪያ ምንም አይሆንም። ቆይቶ ከእያንዳንዱ ቅጠል አንድ ቀጭን ቡናማ ክር ወደ ታች ይወርዳል፤ ከውኃው ጋር ሳይቀላቀል፣ ሳይቸኩል። ልጆች ሳለን ግልገል ዓባይ ጣናን ሳይቀላቀል ሰንጥቆ ያልፋል ይሉን ነበር። ሐይቁ ዳር አድጌ ያንን መሥመር አንድም ቀን አይቼው አላውቅም። ያየሁት ሰመራ ላይ፣ በማር ብልቃጥ ውስጥ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ጾሜን ስገድፍ በንጹሕ ጨርቅ አጥልዬ እቀዳዋለሁ። ብርጭቆው በውጭ በኩል ያልበዋል። የሎሚ ልጣጭ ብቻ ጣል አደርግበታለሁ። ምሬት የለውም፤ የፈላ ሻይ ሲቆይ ምላስ ላይ የሚተወው ያ መጎርበጥ የለበትም። ስኳር ሳይገባበት ስኳር የገባበት ይመስላል። የመጀመሪያውን ጉንጭ ስጎነጭ ጠረኑ የእናቴ በራድ ነው፣ ሙቀቱ ግን የለም። ደስ የሚለው ደግሞ እሱ ነው። ደስ የማይለውም እሱ ነው።

አምና ለገና ዕረፍት ወጥቼ ወደ ቤት ስሄድ ብልቃጤን ይዤ ሄድሁ። ጠዋት ቅጠሉን ጨምሬ መስኮቱ ላይ ሳስቀምጠው እናቴ መጥታ አጎንብሳ አየችው።

«ይኼ ምንድን ነው? የራስ ቅባት ነው?»

«ሻይ ነው፣ እማ። በቀዝቃዛ ውኃ ነው የሚወጣ።»

«ሳይፈላ?»

«ሳይፈላ።»

«እንግዲያስ ጥሬ ነዋ! ለበሽተኛውም እንዲህ ያልበሰለ ነው የምትሰጪው?»

አክስቴ ከጓዳ ሆና ሳቀች። «ተያት፣ እታለም፤ አገሩ ከሰል አጥቶ ይሆናል።»

ከቀትር በኋላ አጥልዬ ቀዳሁ። አክስቴ አንዱን ብርጭቆ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችና «ኧረ ይኼ ነገር መንገድ ያውቃል!» ብላ ሁለተኛ ዘረጋችልኝ። እናቴ ብርጭቆዋን ተቀበለችኝ። ወደ አፏ ግን አላስጠጋችውም፤ አፍንጫዋ ሥር ይዛው ቆየች፣ ዓይኗን ጨፍና። ረጅም ጊዜ ቆየች። አሳዘነችኝ። እኔም ዛሬ ድረስ የማልረሳውን ቃል ያን ጊዜ ተናገርሁ፦

«ቅመሽው፣ እማ። ይኼ እኮ እሳት አልነካውም። አንቺ የተሳልሽው ከምታፈይው ሻይ ነው። ይኼ እንደ ውኃ ነው።»

ዓይኗን ገለጠች። ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ድምፅ ሳታሰማ አኖረችው። አልተቆጣችም።

«አትፈትኚኝ፣ ልጄ» አለች። ቀጥላም «ለመሆኑ አንቺ ወንድምሽን ትጠብቂዋለሽ?» አለችኝ።

«እጠብቀዋለሁ!» አልሁ። ፈጥኜ ነው የመለስሁ። አሁን ሳስበው የፈጠንሁ ይመስለኛል።

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነው። እናቴ ስለቷን ጠብቃ ያልቀመሰች ሴት ናት፤ እኔም ስለቷን በቃል አጣምሜ ልጄን ልጄን የምትል እናት የፈተንሁ ነኝ። በሄድሁ ጊዜ ብልቃጡን ለአክስቴ ትቼ፣ መጠኑን በወረቀት ጽፌ፣ ውኃውን ሳታፈላ እንዳትጠቀም አጥብቄ አስጠንቅቄ ተመለስሁ። አክስቴም ቀዝቃዛውን ሻይ ከቤት አዘጋጅታ፣ በጀሪካን ሞልታ፣ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልላ ወደ ሐይቁ ዳር ማምጣት ጀመረች። ተማሪዎችና የቢሮ ሰዎች ወደዱት። በራዱ የእናቴ፣ ጀሪካኑ የአክስቴ ሆነና ጎን ለጎን ሲሸጡ ከረሙ። እናቴ ግን አንድ ቀን እንኳ ከጀሪካኑ አልቀመሰችም። እስከዚያ ቅዳሜ ድረስ።

ያን ቅዳሜ ምን እንደሆነ ሦስት ሰው ጠይቄ ሦስት ዓይነት ሰማሁ።

አክስቴ እንዲህ ትላለች፦ ሙቀቱ የጉድ ነበር። እናቴ ከጠዋት ጀምራ ከሰሉ ላይ እንዳጎነበሰች ነው። ቅዳሜ በመሆኑ ሰዓት አይጾምም። አክስቴ ለአንድ ደንበኛ ስትቀዳ እናቴ ከትሪው ያነሣችውን ብርጭቆ ዘርግታ አስቀዳችና ቆማ እስከ ሥሩ ጠጣችው። «ስኳር አይፈልግም» አለች። ሌላ ቃል አልተናገረችም።

«ውኃ መስሏት ይሆን?» አልኋት።

«ምን ውኃ! ሻይን በአፍንጫዋ የምታውቅ ሴት! አውቃ ነው የጠጣች። እኔማ ደንበኛው ‹የኔ ሻይስ?› ሲለኝ ነው የነቃሁ።»

ባለ ጀልባውን በአክስቴ ስልክ አነጋገርኋቸው።

«እንደምን ሰነበቱ፣ አባባ?»

«ሥራ ፈትቼ ሰነበትሁ። እናትሽ ሻረችኝ።»

«እንዴት?»

«ጠጥታ ስታበቃ ወደኔ ዞር አለችና ‹ከእንግዲህ አይቅመሱልኝ፣ ደክመዋል› አለችኝ። ሦስት ዓመት የያዝሁትን ሹመት በአንድ ቃል ገፈፈችኝ! በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ግፍ አለ?» ሳቁ። ሳቃቸው ሲያልቅ ግን ድምፃቸው ወረደ። «ያን ጊዜ ስቄ ነበር፣ ልጄ። ጀልባዬ ላይ ከወጣሁ በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። ወይም የገባኝ የመሰለኝ።»

ሦስተኛዋ ከእናቴ አጠገብ የምስር ሳምቡሳ የምትሸጥ ጎረቤታችን ናት። ያን ሰሞን የእነሱም ረመዳን ከእኛ ጾም ጋር ገጥሞ ነበር። «እኔ ጾመኛ፣ እሷ ስለተኛ፤ ሁለታችንም የማንቀምሰውን ስንሸጥ ነበር» አለችኝ፣ እየሳቀች። ከዚያ ግን ሌላ ነገር ነገረችኝ። «ወላሂ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፦ ከመጠጣቷ በፊት ‹እሳት ነክቶታል?› ብላ ጠየቀች። አክስትሽ ‹አልነካውም› አለቻት። ከዚያ ነው የጠጣች።»

ለአክስቴ መልሼ ደወልሁ። «እኔን? እኔን አልጠየቀችኝም! ከጠየቀችም አልሰማሁ፤ ‹አልነካውም› ያልሁት ጀሪካኑን ነካህብኝ አልነካህብኝ እያልሁ ከአንዱ ጋር ስከራከር ይሆናል!» አለች።

አሁን የቱን ልያዝ? «እሳት ነክቶታል?» ብላ ከጠየቀች ስለቷን አላፈረሰችም፤ እኔ አምና ባሳየኋት ቀዳዳ አልፋ ጠጣች፣ ልጇንም እንደ ጠበቀች ናት። ያ ከሆነ ኃጢአቱ፣ ኃጢአት ካለው፣ የእኔ ነው። «ከእንግዲህ አይቅመሱልኝ» ካለች ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የፈላውንም ራሷ ልትቀምስ ነው ማለት ነው። ያ ከሆነ መጠበቁን ትታለች። አንዲት ሴት በአንድ ቀን፣ በአንድ ብርጭቆ፣ ሁለቱንም ልትል ትችላለች? ደግሞ ውኃውስ? ቅጠሉ እሳት አልነካውም፣ ውኃው ግን በዋዜማው ፈልቷል። አፍሉት ብዬ ያዘዝሁ እኔ ነኝ። ይህን ሁሉ ቍጭ ብዬ ስሰፍርና ስለካ ራሴን ታዘብሁት።

እናቴን ራሷን ለምን አልጠየቅሽም የሚል ይኖራል። በማግሥቱ ደውያለሁ።

«እማ፣ ሻይ ጠጣሽ አሉኝ።»

«አዎ፣ ያችን ያንቺን። ጥሩ ናት። እኅቴ ግን ቅጠሉን ሳታበዛው አልቀረችም። ስንት ማንኪያ ነው የምትይ?»

«አራት። ለአንድ ሊትር።»

«እኔም ብያለሁ! ስድስት ነው የምትጨምር።»

ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን እንዴት ይጠየቃል? «መጠበቁን ተውሽ ወይ?» ብላት፣ ሳትተው ከሆነ፣ የሚተውበት ምክንያት እንዳለ የነገርኋት እኔ እሆናለሁ። ልጅ እናቷን እንዲህ አትጠይቅም። ስለዚህ «ቅርንፉድም አንድ ፍሬ ብቻ» አልኋት።

«አንድ ብቻ» አለች። «ጾሙ እንዴት ይዞሻል? ውኃ ጠጪ። አገሩ ይጨርስሻል።»

ባሕር ዳር ላሉት ለንስሐ አባቴ ደወልሁ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኋቸው፤ ማንኪያውን፣ ብልቃጡን፣ የፈላውንና ያልፈላውን። ሰምተውኝ ሲያበቁ «ውኃው ፈልቶ ነበር ነው ያልሽኝ?» አሉ።

«አዎ፣ አባቴ። በዋዜማው።»

«ቅጠሉ ግን አልፈላም።»

«አልፈላም።»

ሲስቁ ሰማኋቸው። ቶሎ ግን አቆሙ። «ልጄ፣ ይህን ሁሉ ከእኔ የበለጠ ሰፍረሽዋል። እግዚአብሔር ስለ በራዱ አይጠይቃትም። ልቧ የት እንደነበረ ነው። ስለቱ ከብዷት ከሆነ ትምጣ፣ እፈታታለሁ። አንቺ ግን የጨነቀሽ የእሷ ስለት ነው ወይስ ሌላ?»

«ይፍቱኝ፣ አባቴ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ሌላ ነው፤ እሳቸውም አውቀውታል።

የጨነቀኝ ይህ ነው። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ የወንድሜን የክርስትና ስም በብጣሽ ወረቀት ጽፌ፣ ከጎኑ «መንገደኛ» ብዬ፣ ጸሎት እንዲደረግለት እሰጣለሁ። ሦስት ዓመት እንዲህ አድርጌአለሁ። ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ባለው እሑድ ነጠላዬን አንሥቼ በር ላይ ቆምሁ። እንደ ሁልጊዜው ልልበሰው ወይስ ለኀዘን እንደሚደረገው ጥለቱን ወደ አንገቴ ላዘቅዝቀው? እናቱ መጠበቋን ከተወች እኔ እኅቱ በምን ሥልጣን እጠብቃለሁ? እሷ እየጠበቀች ከሆነ ደግሞ ነጠላ አዘቅዝቄ ብታይ ማንን ገደልሁ ማለት ነው? አንዴ አዞርሁት፣ አንዴ መለስሁት። ቅዳሴ ገብቶ ነበር። በመጨረሻ እንደ ሁልጊዜው ለብሼ ሄድሁ። «መንገደኛ» ብዬም ጻፍሁ። ጽሕፈቴ ግን የእኔ አይመስልም ነበር።

ወደ ባሕር ዳር ሄጄ በዓይኔ እንዳላይ የዘንድሮውን ፈቃዴንም አምና አስቀድሜ ወስጄ ጨርሻለሁ፣ መንገዱም እንደ ልብ የሚኬድበት አልሆነም። እስከዚያው አዲሱን ብልቃጤን ጠዋት ጠዋት እሞላለሁ። ክሩ ሲወርድ አየዋለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ሲያልፍ እቀዳና «እማ አሁን ምን እየጠጣች ይሆን?» እላለሁ። ከዚያ ወዲህ የበራዱን ትቀምስ እንደሆነ አክስቴን ብጠይቃት «ጀሪካኔን ትቼ የእሷን አፍ ልጠብቅ?» ትለኛለች። ሻዩ ያው ነው፣ ልኩም ያው ነው፤ ጣዕሙ ግን አንድ ቀን ዕረፍት፣ አንድ ቀን ለቅሶ ይሆንብኛል።

ባለፈው ሳምንት ነው ያች ብርጭቆ ትዝ ያለችኝ። እንዴት እስካሁን እንዳላሰብኋት ይገርመኛል፤ እናቴ ወንድሜን የምትጠብቅ ከሆነ ያችን ለማንም፣ ለራሷም ቢሆን አታቀናትም። አክስቴን «እማ የጠጣችበት ብርጭቆ ጫፏ የተሸረፈችዋ ነበረች?» ብዬ ጠየቅኋት።

«የቱ ብርጭቆ? ሁሉም ያው ነው። የተሸረፈማ ካየሁ እጥለዋለሁ፤ ሰው ከንፈሩን ይቆርጣል!»

«እንዳትጥይ!» ብዬ ጮህሁ።

«ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ? ለአንድ ብርጭቆ?»

ብነግራት አንሥታ ታያታለች፤ አንሥታ ካየቻት ደግሞ እናቴ ምስጢሯ እንደ ታየባት ታውቃለች።

ስለዚህ የምለምነው እናንተን ነው። በዚያ የጾም ቅዳሜ ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር፣ ሾላው ሥር ከሸራው በታች ሻይ ስትጠጡ የነበራችሁ፣ ጀልባ ስትጠብቁ የነበራችሁ፣ ሳምቡሳ ልትገዙ የቆማችሁ ሁሉ፦ እናቴ ምን እንዳለች አልጠይቃችሁም፤ ያንን ሦስት ሰው ነግሮኛል። ስለ እሳቱም አትንገሩኝ። ወፍራም፣ ቀይ ዳማ፣ ራሷን በነጭ ሻሽ ያሰረች ሴት ቆማ ስትጠጣ ያያችሁ ካላችሁ፣ በእጇ የነበረችው ብርጭቆ ጫፏ የተሸረፈች ነበረች? ካላስተዋላችሁ፣ ሻይ ልትጠጡ በሄዳችሁ ጊዜ ከትሪው ጥግ በኩል ዓይናችሁን ጣል አድርጉልኝ። ተደፍታ እንዳለች ናት? ቀና ብላለች? ወይስ የለችም? የለችም ማለት ከብዷችሁ አትተዉት፤ እሱንም ንገሩኝ። እናቴን ግን አትጠይቋት። ብርጭቆዋንም አትንኳት።